ሞተሽ ቢሆን ኖሮ ስልኬ ይከፈት ነበር

ውድ እትዬ፣

ስልኬን አልዘጋሁብሽም። ከሰላምታም፣ ከእንኳን ደስ ያለሽም በፊት ይህ በመዝገብ ይስፈርልኝ። ዛሬ በጋብቻሽ ቀን አሥር ጊዜ ደውለሽ አሥር ጊዜ «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም» ያለችሽ ሴትዮ የእኔን ሐሳብ አትወክልም። እኔ በዚያች ሰዓት እዚሁ አንቺ ያለሽበት ከተማ ውስጥ፣ የተቆለፈ ስልክ ታቅፌ፣ የሞት ማስረጃሽን እየተጠየቅሁ ነበር።

ጥፋቴን አልክድም። ሙሽራሽን «ክላክስ» ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ሲስቅ መንገድ ልቀቁ የሚል ይመስላል፤ ይኼ እውነት ነው። ፊቱ ላይ መጥራቴ ግን ነውር ነው። ቀጥዬም «በሃምሳ ሁለት ዓመትሽ ተሳፋሪ ሆንሽ?» ማለቴ ከነውርም በላይ ነው። አንቺ ሳህኑን አስቀመጥሽ፣ ኮትሽን አነሳሽ፣ ወጣሽ። ሳምንት ሳይሞላ እሱ ወዳለበት ከተማ ገባሽ፤ ቤትም ስልክ ቁጥርም ቀየርሽ። ከዚያ ያቺ መልእክት መጣች፦ «አርብ በስምንት ሰዓት እንፈራረማለን። የማዘጋጃ ቤቱን አድራሻ ከታች ጽፌልሃለሁ። በእኔ በኩል ምስክሬ አንተ ነህ። ካልመጣህም ይገባኛል።»

አልመለስኩልሽም። ሥራ በዝቶብኝ እንዳይመስልሽ፤ ኩራት ነው። ዕቅዴ ኮት አሰፍቼ፣ ፊርማዬን አሳምሬ፣ በሩን በርግጄ ገብቼ ላስደነግጥሽ ነበር። አድራሻውን በቃሌ አልያዝኩትም። ስልኩ ያውቀው የለ!

ባቡር ላይ ባትሪው አለቀ። ጣቢያ ወርጄ ከአንዲት ሻንጣ ሻጭ ሱቅ ቻርጅ ሰክቼ ሳበራው «ኮድ ያስገቡ» አለኝ። ምን ኮድ? ይህን ስልክ ከሦስት ዓመት በፊት ገዝተሽ፣ መስመሩን በስምሽ አስመዝግበሽ፣ ሁሉን ሞልተሽ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ ጣቴን ከማስነካት በቀር የማውቀው የለኝም። ዛሬ ግን ጣቴን አላምን አለ። የድሮ ቤታችንን ቁጥር ሞከርኩ። አባባ ያረፈበትን ዓመት ሞከርኩ። የራሴን የልደት ዓመት ስሞክር ስልኩም መስመሩም ባንድነት ተጠረቀሙ፦ «የደንበኞች አገልግሎትን ያነጋግሩ።»

ሻንጣ ሻጯ ስልኳን አዋሰችኝ። «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው» የሚል ድምፅ ተቀበለኝና ዋሽንት እየነፋ ሃያ ስድስት ደቂቃ አቆመኝ። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው የተባለው ለዚህ መሥሪያ ቤት ነው። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አነሳች።

«መስመሩ በእህትዎ ስም ነው የተመዘገበው፤ ኮዱን መጠየቅ የሚችሉት እሳቸው ናቸው። ያገናኙኝ።»

«የእሷ ቁጥር ያለው የተቆለፈው ስልክ ውስጥ ነው።»

«ችግር የለም። ስልኩን ይክፈቱና ይደውሉላቸው።»

አላግጣ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። ከልቧ ነው ያለችው።

ሻንጣ ሻጯ ሁሉንም ስትሰማ ነበርና «አምጣው ወዲህ፣ እኔ እህትህ ልሁን» አለች። ሙሉ ስምሽን ነገርኳት፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ ደወለች። ዋሽንቱን በትዕግሥት ተሻገርን። በዚህኛው ዙር ያነሳው ወንድ ነበር፤ የልደት ቀንሽን ጠየቀ። እዚህ ላይ አባባን መረቅሁት። አራት ዓመት የምንበላለጥ ልጆቹን ሁለቴ ወረፋ አልሰለፍም ብሎ ባንድ ቀን ተወለዱ ሲል ማስመዝገቡ ዛሬ ጠቀመኝ፤ የራሴን ቀን ነገርኳት፣ አለፈች።

«ለአደጋ ጊዜ ተጠሪ ብለው ያስመዘገቡት ማንን ነው?»

ሻንጣ ሻጯ አየችኝ። እኔ ሳላቅማማ የክላክስን ሙሉ ስም በጆሮዋ ሹክ አልኳት። ሌላ ማንን ታስመዘግቢያለሽ? ኮትሽን አንስተሽ የሄድሽው ወደ እሱ አይደል?

«ተሳስተዋል። ለደኅንነትዎ ሲባል ይህ መስመር ለሃያ አራት ሰዓት በስልክ አይስተናገድም። ስለደወሉ እናመሰግናለን።»

ሻንጣ ሻጯ ስልኳን ኪሷ ከታ ከላይ እስከ ታች ቃኘችኝና «እህትህን አታውቃትም እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?» አለችኝ። ወደ ቅርንጫፍ ቢሮው የሚወስደውን መንገድ ጠየቅኋት።

ቢሮው ውስጥ የወረፋ ቁጥሬ ሰማንያ ሰባት፣ ተራው የደረሰው ሠላሳ አንድ ላይ። ስድስት መስኮት አለ፤ የሚሠራው ሁለቱ ነው፤ ከሁለቱም አንዷ ምሳ ወጣች። ግድግዳው ላይ ጥርሱ የነጣ ቤተሰብ ስልክ ይዞ ይስቃል። እኔ ሰዓት አያለሁ። ስድስት ተኩል። ሰባት። ሰባት ተኩል። ተራዬ ሲደርስ ስምንት ሊሆን አሥር ደቂቃ ነበር። መነጽር ያደረገች ሴት መታወቂያዬን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ ፊቷ በራ።

«እርስዎ እኮ እዚህ አሉ! የአደጋ ጊዜ ተጠሪያቸው እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?» አልኩ። «ያ የድሮው ይሆናል፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተሞላው።»

«አይ፣ ባለፈው ወር አሥራ ሰባት ላይ ቁጥራቸውን ሲቀይሩ አድሰውታል። ያው እርስዎን ነው ያስገቡት።»

አሥራ ሰባት። ኮትሽን አንስተሽ በወጣሽ በስድስተኛው ቀን! እትዬ፣ መስኮቱን ይዤ ቀረሁ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «ጨርሰዋል?» አለኝ።

«እንግዲያው አዲስ ቁጥሯ ፊትሽ ላይ ነው፤ ስጪኝ!»

«የደንበኛ መረጃ አንሰጥም።»

«ለእኔ አትስጪኝ። አንቺ ደውይላት።»

«ወደ ደንበኛ የሚደውለው ሌላ ክፍል ነው።»

«ተጠሪ ነኝ አላልሽም? ተጠሪ ምን መብት አለው?»

ወደ ኮምፒውተሯ ተጠግታ አነበበች። «ተጠሪ መስመሩን ማስከፈት የሚችለው ባለመስመሯ በሕይወት ከሌሉ ነው። የሞት ማስረጃ ይዘው ከመጡ እኔው ራሴ አሁኑኑ እከፍትልዎታለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ሴትዮ፣ እህቴ አሁን ልታገባ ነው!»

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለች፤ ጨዋ ናት፣ አልዋሽም። «የጋብቻ ማስረጃ ግን ለዚህ አገልግሎት አይሆንም።»

ልጮኽ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ፣ «ማስረጃ አምጡ»፣ «እኔን አይመለከትም»፣ «ነገ ተመለሱ» ያልኩበት የገዛ ድምፄ ነው። አንዱ ባለጉዳይ እንደ እኔ ዛሬ ሰዓቱን እያየ ወጥቶ ይሆናል፤ ወዴት ይሄድ እንደነበር ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ላይ እየሮጥኩ ወጣሁ። ይህች ከተማ አራት የማዘጋጃ ቤት ቅርንጫፍ አላት። በጠዋት ስልኩን ወርውሬ አራቱንም ባዳርስ ኖሮ ኮቴን አስተካክዬ ጭምር እደርስ ነበር። እኔ ግን ስድስት ሰዓት ሙሉ ያንን የስልክ መስታወት ስለማመጥ ዋልኩ። በአንደኛው «እዚህ አይደለም» አሉኝ። በሁለተኛው የሌላ ሰው ሠርግ ላይ ገብቼ እልል ተባለልኝ። እዚህ ሦስተኛው ጋ ስደርስ አሥር ሰዓት አልፎ በሩ ተዘግቷል። ሽማግሌው ዘበኛ ኮቴን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ወንድምየው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ያንተን ሥራ ስሠራ ነው የዋልኩት» አሉኝ።

ሁሉን ነገሩኝ። አሥር ጊዜ መደወልሽን። ጸሐፊው ሰዓት አለቀ ብሎ መጮኹን። አምስት ሹፌሮች ተሰልፈው «እኔ ልፈርም፣ እኔ ልፈርም» ሲሉሽ «በእኔ በኩል የሚቆም የእናንተ ወገን አይሆንም» ማለትሽን። ከዚያ ደረጃውን ወርደሽ መምጣትሽን።

«‹አባት፣ ያውቁኛል?› አለችኝ። ‹አላውቅሽም ልጄ› አልኳት። ‹እንግዲያው የወንድሜን ቦታ ለመያዝ ከእርስዎ የበለጠ የሚመጥን የለም› ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ።»

«አለቀሰች?»

«እሷስ አላለቀሰችም። ባልየው ነው የተጨነቀ። እዚያ ደረጃ ላይ ቆሞ ‹ትንሽ እንጠብቀው፣ መንገድ ይዞት ነው፤ መንገድን እኔ አውቀዋለሁ› ሲል ነበር እስከ መጨረሻው።»

እትዬ፣ ክላክስ የሚለውን ስም ከዛሬ ጀምሮ አንስቻለሁ። ከእኔ ይልቅ ያመነኝ ሰው ነው፤ ሲስቅም እንደፈለገው ይሳቅ፣ እኔ መንገዱን ለቅቄለታለሁ።

አድራሻሽን ለመንኳቸው። መዝገቡ ውስጥ አለ አሉ፤ የመዝገቡ ቁልፍ ግን ጸሐፊው ኪስ ውስጥ፣ ጸሐፊውም እስከ ሰኞ የለም። ሰኞ ጠዋት የጋብቻ ማስረጃሽን ልትወስጂ እንደምትመጪ ነግረውኛል፤ ይህን ወረቀት በእጅሽ ሊያደርሱልኝ ቃል ገብተዋል። ማስረጃ አልጠየቁኝም።

«ካልመጣህም ይገባኛል» ብለሽኝ ነበር። እባክሽ፣ አይግባሽ። ጭራሽ አይግባሽ። ተቆጪ፣ ስደቢኝ፣ ሳህን ወርውሪብኝ፤ ሆን ብሎ ቀረ ብለሽ ግን በልብሽ እንዳትቋጪው።

ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ማረፊያ ቤት ገብቻለሁ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከግራ ሦስተኛው መስኮት፤ በሩ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ሥራዬንም ለአንዴ «ነገ ተመለስ» ብዬዋለሁ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ቀና በይ። አትደውይልኝ፤ ከታች ሆነሽ በስሜ ተጣሪ። ከመስኮቱ አልነቃነቅም።

ወንድምሽ