የብረት ክኒኑ ነገር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለዮሃና ነጋሲ፤

እንደምን ከርመሻል የኔ ልጅ? የዶሃ ሙቀት በረድ አለልሽ? የሆቴሉ ሥራስ፣ ወገብሽስ፣ እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? እኛ ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ በስልክ እንደምልሽ ዓይነት አይደለም፤ የእውነቱን ነው። በስልክ እናትሽ አጠገቤ ቆማ ስለምትጠቅሰኝ ነገሩን በወረቀት ማድረግ ይሻለኛል።

ያን ጊዜ በዐቢይ ጾም ድክም ድክም ሲለኝ ደም አንሶኝ ነው መሰለኝ አልኩሽ አይደል? ማን መረመረኝ? ማንም። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰውዬ በራሴ ላይ ሐኪም ሆኜ አረፍኩት። አንቺም ወዲያው አይረን የሚሉትን የብረት ክኒን ላክሽ። ከዚያ ወዲህ መንገደኛ በመጣ ቁጥር አንድ ብልቃጥ አይቀርም። ልጄ ለፍታ የላከችውን እንዴት አስቀራለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቀን ሳላጓድል ዋጥኩት።

እግሬ ደግሞ ሌላ አመል አመጣ። ከለገሃር ወደ ደምበል ስሄድ ብዙም ሳልራመድ ባቴ ጭምድድ ይላል፤ ስቆም ይለቀኛል። ሰው እንዳይታዘበኝ የሱቅ መስታወት የማይ መስዬ እቆማለሁ። አንድ ቀን የቆምኩት ለካ ቬሎ የሚከራይበት ሱቅ ፊት ነው! ሻጯ ወጥታ ሙሽራዋ የት አለች አባባ ብላ አፋጠጠችኝ። ለእናትሽ ብነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ በማግስቱ ግን ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ያየችኝ ዶክተር ሲፋን የምትባል፣ በዕድሜ አንቺን የምታህል ልጅ ናት። የእግሬ ደም ሥር ጠቧል አለች። ወገቤን በሜትር ለካች፣ ደሜን አስመረመረች። ደም ማነስ የሚባል የለም፤ እንዲያውም በሰውነቴ የተከማቸው ብረት ከልክ አልፏል። የሆድ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጮማ ሳይሆን የሚሠራ አካል እንደሆነ፣ ብረት ሲበዛበት ሊታመም እንደሚችል፣ የታመመ ስብ ደግሞ ደም ሥርን እንደሚጎዳ አስረዳችኝ። ጉዳዩ ገና እየተጠና ነው፣ እግርዎን ያሳመመው ብረቱ ነው ማለት አልችልም፣ ያልጎደለዎትን ግን አይጨምሩ አለችኝ። ለደም ሥሩ መድኃኒት ሰጠችኝ፤ እስኪያመኝ እንድራመድ፣ አርፌ እንደገና እንድራመድ አዘዘችኝ። ችላ ካልኩት እግሬን እስከማጣት ልደርስ እንደምችልም አልደበቀችኝም። ፈራሁ ልጄ፣ አልዋሽሽም።

እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሦስት ሳምንት ተደብቄ ክኒኑን መዋጤን ቀጠልኩ። አንቺ የላክሽውን መሳቢያ ውስጥ መጣል ክህደት ሆነብኝ። እናትሽ ደረሰችብኝ። ብልቃጡን ከእጄ መንጭቃ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ እንዲያነብላት ለወንድምሽ ለዮአብ ሰጠችው፤ እኔማ ያን ደቃቅ ጽሑፍ አንድ ቀን እንኳ አንብቤው አላውቅም። ዮአብ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ምንድን ነው ብንለው የታዘዘለት ሰው ስም ተጽፎበታል አለ። ስሙ ያንቺ ነው። መሳቢያ ውስጥ ገና ሳይከፈቱ የቀሩትን አራት ብልቃጦች አወጣን፤ ሁሉም ላይ ያንቺ ስም።

ደም ያነሰሽ አንቺ ነሽ ለካ! ሐኪም መርምሮ ላንቺ ያዘዘውን ነው እየቆጠብሽ የምትልኪልኝ። እናትሽ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔ ተናደድኩብሽ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ።

አሁን ክኒኑን ከተውኩ ቆየሁ። በየጠዋቱ እራመዳለሁ፤ እናትሽ ከፊት ከፊቴ እየሄደች ታሽሟጥጠኛለች። ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገብቷል። ባለፈው እሁድ ከቡልጋሪያ ሰፈር ተነስቼ ሁለቴ ብቻ አርፌ ዑራኤል ደረስኩ! ዶክተር ሲፋንም ስታየኝ ፈገግ አለች፤ እግሬ በርትቷል።

ያልተከፈቱትን አራት ብልቃጦች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ወደ ዶሃ የምትመጣው የጎረቤታችን ልጅ ጽገረዳ ታደርስልሻለች። ግን በመጀመሪያ እንደገና ተመርመሪ፤ እንደ አባትሽ በግምት እንዳትሄጂ። ሐኪሙ ያለሽን ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

እናትሽ ለምለም ዓይንሽን ትስማለች፤ ተቆጥታብሻለችና ስትደውይ ቀስ ብለሽ ጀምሪ። ዮአብ በጣም ናፍቀሽኛል ብሏል። ልጄ፣ እባክሽን እኔን አድናለሁ ብለሽ አንቺ አትታመሚብኝ።

አባትሽ ነጋሲ
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.