ከጆሮ እስከ ጆሮ ስለተዘረጋው ሰማያዊ መስመር

ለተከበሩ የፀጉር ንቅለ ተከላ ክሊኒኩ ዋና ሐኪም፤
ኢስታንቡል

ክቡር ሆይ፣ ሙሉ ጤና፣ ሰላማዊ እንቅልፍና እስከ እርጅና የማይከዳ ፀጉር እየተመኘሁልዎ፣ ከሦስቱ አንዱንም ያላገኘሁት ታካሚዎ ቱርጋይ ከኡስኩዳር ሠፈር እጽፍልዎታለሁ።

አንደኛ፦ ከማጅራቴ ቆዳ ቆርጠው ግንባሬ ላይ ፀጉር ስለተከሉልኝ አመሰግናለሁ። ሰው ከኋላም እንደሚታይ ሳይነግሩኝ መቅረትዎ ለስሜቴ ተጨንቀው እንደሆነ ይገባኛል።

ሁለተኛ፦ ማጅራቴ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የቀረውን ጠባሳ ለመሸፈን፣ የተላጨ ፀጉር የሚመስሉ ጥቃቅን ነጥቦች ስላስነቀሱልኝ እጅ እነሳለሁ። «እንኳን ሌላው፣ ፀጉር ቆራጭም አያውቅብህ!» ብለውኝ ነበር። ነጥቦቹ ጠባሳው ውስጥ ተስፋፍተው ተጋጥመዋል፤ ቀለማቸውም ወደ ሰማያዊ ዞሯል። ምናልባት ለባሕር ያለንን ፍቅር አስበው ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ቀልዴም እዚህ ላይ ያልቃል፦ ቅዳሜ በሠርጌ ዋዜማ፣ እንደ ሠፈራችን ልማድ፣ ከበሮ እየተመታ በዘመድ አዝማድ ፊት እላጫለሁ። የሚላጩኝ የእጮኛዬ የፌራይ አባት፣ በሙያቸው «ኡስታ» (ጌታ) የምንላቸው ፀጉር ቆራጩ ኡስታ ሙዛፈር ናቸው። እስካሁን ከኋላ ፀጉሬን አስረዝሜ፣ ከሱቃቸው ስወጣም ጀርባዬን ሳላዞር ወደ ኋላ እየተራመድኩ ቆየሁ፤ እሳቸው አክብሮት መስሏቸው ለጎረቤት ያወሩልኛል። ባለፈው አንድ ደንበኛ ሰው ሠራሽ ፀጉር አድርጎ ቢያገኙት፣ «መላጣውን እንኳ የደበቀኝ ሰውዬ፣ ልጄን ቢጠይቀኝ ስንት ነገር ሊደብቀኝ ነው?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። አብሬ ሳቅሁ።

በመላጨቱ መሃል ፀጉር ቆራጩ «መቀሱ አልቆርጥ አለኝ!» ብሎ ጉርሻ መጠየቁ የቆየ ጨዋታ ነው። እኔ የምፈራው መቀሱ የምር ማጅራቴ ላይ ቀጥ ሲል፣ ከበሮውም ዝም ሲል፣ ፌራይም የአባቷን ፊት አይታ እኔን ሳታየኝ ስትወጣ ነው። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ።

በእጅዎ ሥራ የትም የማይጠፋ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ የሚቀመጥ ታማኝ ታካሚዎ፣
ቱርጋይ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ለመልስ አይቸገሩ። ይህ ደብዳቤ የሚወጣበትን ጋዜጣ ኡስታ ሙዛፈር በየማለዳው ሱቃቸው ውስጥ ያነባሉ። በቀጥታ ለእሳቸው መጻፍ ስለፈራሁ፣ የእርስዎን ማዕረግ ከላይ ያኖርኩት ለመሸፈኛ ነው፤ መሸፈኛዎችዎ ብዙ እንደማይቆዩ ግን አውቃለሁ። አባባ ሙዛፈር፣ እዚህ ድረስ ካነበቡልኝ፣ ቅዳሜ ወንበሩ ላይ ማጅራቴን ሰጥቼ እጠብቅዎታለሁ። እባክዎ ይምጡ።