የሽመሉ ዳስ

እሑድ፣ መስ. 18፣ ጠዋት 1፡20
ላብራቶሪ ልገባ ነው፤ ቶሎ ቶሎ። ማስታወሻዬ፣ ትናንት ሰንበት ስለነበር አልጻፍኩብሽም። ከተማው መስቀልን ሲያከብር እኔ በሬን ዘግቼ የሳምንቱን የኦሪት ክፍል አነበብኩ። ሙሴ አርጅቷል። በዳስ በዓል ሕዝቡን ሰብስቡ ይላል፤ ወንዱን፣ ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ መጻተኛውንም። መጻተኛ የምትለዋ ላይ ቆምኩ። አሶሳ ላይ መጻተኛዋ እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቤተ እስራኤል መሆኔን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ጎንደር እያለሁ ዳሱን የሚሠራው አባቴ ነበር። ዘንድሮ እኔ እሠራለሁ። በቃ።

ዓርብ፣ መስ. 23፣ ጠዋት
ትናንት አስተሰርዮ። ጾምኩ። ከሥራ የቀረሁት ግን አሞኛል ብዬ ነው። ይቅርታ በምለምንበት ቀን ዋሸሁ! የሥራ ባልደረባዬ ታደሰ ደወለ፤ ተራሽን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ተኚ አለኝ። ቅዳሜዬን የሚሠራልኝ እሱ ነው፤ እኔ ደግሞ እሑዱን። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮርስ የምማር ይመስለዋል። ከጾሙ ይልቅ ደግነቱ አቃጠለኝ።

ሰኞ፣ መስ. 26፣ ከሰዓት 10፡30
ከዓመት ፈቃዴ ሁለት ቀን ወሰድኩ። ትናንት የገዛሁትን ሽመል፣ ቀርከሃውን፣ ጓሮ አቆምኩት። ወደቀ። እንደገና። ወደቀ። አከራዬ እማማ ዘይነባ ከበረንዳቸው ሲያዩኝ ቆይተው መጡ። አፍ የፈቱት በበርታ ቋንቋ ነው፤ እኔንም “አንተ” ይሉኛል።
“ሰርግ ነው? ሰው ሞተ?”
“የለም እማማ፣ በዓል ነው። የእኛ፣ የኦሪት።”
“የነቢ ሙሳ?”
“አዎ፣ የሙሴ።”
የደበቅኩት ወጣ። እሳቸው ግን ዓይናቸው ማሰሪያው ላይ ነው። “ሽመል እንዲህ አይታሰርም። አንተ ተወው።” ገመዱን ተቀብለው ጥርቅም አድርገው አሰሩት። ጣሪያውን በቅጠል ሊደፍኑት ሲሉ፣ ኮከብ መታየት አለበት፣ ሥርዓቱ ነው አልኳቸው። ሳቁብኝ። ዝናብ ሲመጣ እናያለን አሉ።
ቆሟል! የኔ ዳስ!

ሐሙስ፣ መስ. 29
ታደሰን ጋበዝኩት። ዳሱ ውስጥ ሻይ ቀዳሁለትና ሁሉንም ነገርኩት። ኮርስ የለም። ቅዳሜ ሰንበቴ ነው። ስኒውን አስቀመጠ።
“ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ትምህርት እንዴት ነው ስልሽ?”
“ፈርቼ ነው።”
“እኔን?”
ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። አለቀስኩ። ግን ቀሎኛል።

ዓርብ፣ መስ. 30፣ ከሰዓት 11፡50
ጠዋት ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። የቅዳሜ ተራዬ በቋሚነት ይቀየርልኝ፤ ቤተ እስራኤል ነኝ፣ ሰንበቴ ነው ብዬ፣ ፈርሜ ሰጠሁት። ማን ይተካሽ? አለኝ። አላውቅም፣ ሰው ባይገኝም ግን ቅዳሜ አልሠራም አልኩ። ስወጣ ታደሰ ኮሪደሩ ላይ። ሰላም ሳይለኝ አልፎ ገባ። በሩ ክፍት ነበር፤ ሰማሁት፦ ቅዳሜው የእኔ ነው፣ እንደ ድሮው ይቀጥል። ሲወጣ ፊቱ ገና አልተፈታም።
“አሁንም ቅር እንዳለኝ ነው። ዳስሽ እስከ መቼ ይቆያል?”
“እስከ ሰኞ።”
“እሑድ ከሥራ ስትወጪ ባለቤቴን ይዤ እመጣለሁ።”
ይመጣሉ! እማማ ዘይነባ ዳሱ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው እየጠሩኝ ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። ሰንበት ሊገባ ነው፣ እስክሪብቶዬን ላስቀም…