ከመቀመጫዬ ሥር ስላለው ሶኬት፣ ለአየር መንገዱ የመንገደኞች ምቾት ኃላፊ

ለክቡር የአየር መንገዱ የመንገደኞች ምቾት መምሪያ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ፣ ከጠረጴዛዎ አጠገብ ያለው ሶኬትም ሳያጎነብሱ በሚደርሱበት ቁመት ላይ እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ።

ዋይብረን ሁክስማ እባላለሁ። በሰሜን ኔዘርላንድ፣ በፍሪስላንድ ክፍለ ሀገር፣ በኦስተርዚል ከተማ የቅዳሜ ገበያ ላይ የስልክ ቻርጀር፣ ገመድና ፓወር ባንክ እሸጣለሁ። አዎ፣ በትክክል አንብበዋል፤ በአውሮፕላንዎ ላይ ስልኩ የሞተበት ሰው መተዳደሪያው ቻርጀር መሸጥ ነው። መሳቅ ከፈለጉ አሁን ይሳቁ። የገበያችን ሰዎች ስቀው ስለጨረሱ ተራው የእርስዎ ነው።

ወደ ቅሬታዎቼ ከመግባቴ በፊት ስልኬ ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀኝ ላስረዳዎ። በገበያችን ቋሚ ቦታ የሌለን ነጋዴዎች በየቅዳሜው ጠዋት ዕጣ አውጥተን በደረሰን ቦታ ላይ እንቆማለን። እኔ በዕጣ ያለኝ ዕድል የታወቀ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የምቆመው ከሕዝብ መጸዳጃው ጎን፣ ከቦዩ የሚነሳው ነፋስ በሚያልፍበት ጫፍ ላይ ነው። እዚያ የኤሌክትሪክ መስመር የለም። ቻርጀር ሸጬ ቻርጀሩ መሥራቱን ማሳየት የማልችል ነጋዴ ነኝ ማለት ነው። በዚህ ጸደይ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለው የማዕዘን ቦታ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥን ያለው፣ የአይብ ነጋዴው ጡረታ ስለወጡ ተለቀቀ። የማዘጋጃ ቤቱ የገበያ ኃላፊ ዳወ በምዝገባ ቅደም ተከተል ይደውላል፤ ራሱ አንስቶ «እፈልጋለሁ» ያለ ይወስዳል፣ ያላነሳው ታልፎ ለሚቀጥለው ይደወላል። ለዓመታት ጠብቄ ስሜ አንደኛ ላይ ደርሶ ነበር። ጥሪው ዓርብ ጠዋት ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚያው ዓርብ ንጋት ላይ ዕቃ ከማስመጣበት ከሩቅ ምሥራቅ አምስተርዳም እገባለሁ። ስጋቴን ለዳወ ብነግረው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቻርጀር ሻጭ አይደለህ እንዴ? ስልክህን ከፍተህ ጠብቅ በቃ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም በራሴ ተማምኜ ተሳፈርኩ።

አንደኛ። ለእያንዳንዱ መንገደኛ ሶኬት ስላዘጋጁልን የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሶኬቱ የሚገኘው በሁለት መቀመጫዎች መካከል፣ ከጉልበትም ከክብርም ዝቅ ብሎ ነው። እሱን ለማግኘት ተንበርክኬ የስልኬን መብራት አብርቼ ፈለግሁ፤ እንዲህም ኤሌክትሪክ ስፈልግ የነበረኝን ኤሌክትሪክ አቃጠልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ሪንስከ፣ የጡረታ ዘመናቸውን አገር በማየት የሚያሳልፉ የአካባቢዬ ሴት ናቸው፤ ወደ ታች አዩኝና፣ «ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አሉኝ።

«ሶኬት ነው፣ ወይዘሮ።»

«እኔ ደግሞ እግሬን የሚነካካኝ ምን ይሆን ስል!»

በመጨረሻ አገኘሁት። ከብዙ አገልግሎት የተነሳ ላልቶ ስለነበር ገመዱን ስሰካው ይገባል፣ ስለቀው ይወጣል። በሙያዬ ምክንያት መፍትሔውን አላጣሁትም፤ በወረቀት ፎጣ ጠቅጥቄ፣ በጉልበቴ ደግፌ ያዝኩት። የቻርጅ ምልክቱ በርቶ ሳይ በኩራት ተኛሁ። ጉልበቴም ተከትሎኝ ተኛ። ስነቃ ገመዱ መሬት ላይ፣ የስልኬንም ባትሪ ከተኛሁበት ጊዜ ይልቅ ዝቅ ብሎ አገኘሁት።

ሁለተኛ። በየወንበሩ ጀርባ የነበረውን ስክሪን አንስተው ፊልሙን፣ የምግብ ዝርዝሩንና የጉዞውን ካርታ በየራሳችን ስልክ እንድናይ ስላደረጉን አመሰግናለሁ። አውሮፕላኑ ሲቀልለት ሸክሙ ወደ እኛ ባትሪ መዞሩ ፍትሐዊ ክፍፍል ነው። ከዶሮና ከፓስታ አንዱን ለመምረጥ ሁለት በመቶ ባትሪ ከፈልኩ። ዶሮው አልቆ ነበር። ካርታውን ግን ማንም አላስገደደኝም። ትንሿ አውሮፕላን በበረሃ ላይ ስትንቀራፈፍ ዓይኔን ሳልነቅል፣ በየደቂቃው ባትሪዬን እያየሁ፣ እያየሁትም እየጨረስኩት ቆየሁ። በዕለት ማስታወሻዬ ላይ «ዛሬ የራሴን ስልክ በጭንቀት ገደልኩት» ብዬ የጻፍኩት ይህን ነው።

ሦስተኛ። ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ይሁን በራሴ ላይ እስካሁን አልወሰንኩም።

ሶኬቱ ተስፋ ሲያስቆርጠኝ ከቦርሳዬ የራሴን ፓወር ባንክ አወጣሁ፤ ራሴ የማስመጣውን፣ በጀርባው ላይ በቀይ ቀለም «50,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት» የሚል የባትሪ አቅም የተጻፈበትን። እርስዎ በዘርፉ ስለሌሉበት ልንገርዎ፤ በእኛ ንግድ ልኩን ቁጥር የሚጽፍ የለም፤ ደንበኛ ሁለት ድንኳን ጎን ለጎን ካየ ትልቁን ቁጥር ነው የሚያነሳው። ውስጡ ያለው አሥር ሺህ ነው። አምራቹ «ሠላሳ ሺህ ብንል ይበቃል» ብሎኝ ነበር። ሃምሳ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጎረቤቴ አርባ ብሎ ስለነበር።

አስተናጋጅዎ ዩስት፣ እጅግ ትሑት ወጣት፣ አጠገቤ ቆመ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ እስቲ ልየው?» ብሎ ገለበጠው። «ሃምሳ ሺህ? የሚፈቀደው እኮ ከሃያ ሰባት ሺህ አይበልጥም። በዚህማ ትራም ይነዳበታል!»

ወይዘሮ ሪንስከ መነጽራቸውን አደረጉ። «ቆይ ቆይ፣ ይቺን ዕቃ አውቃታለሁ። እኛም ቤት አለች። ኦስተርዚል ገበያ፣ መጸዳጃ ቤቱ ጋ፣ አንድ ረጅም ሰውዬ ነው የሸጠልኝ...» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «እንዴ! እርስዎ ነዎት እኮ!»

ክቡር ሆይ፣ የሁኔታውን ውበት እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ። ባትሪው እንዲመለስልኝ ቁጥሩ ውሸት መሆኑን መናገር አለብኝ፤ ከተናገርኩ ደግሞ ከእኔ የገዛችው ደንበኛ ከክንዴ ሥር ተቀምጣ ትሰማለች። እንደ ነጋዴ በረጋ መንፈስ አመዛዘንኩ። የማዕዘን ቦታ ከአንዲት ደንበኛ ይበልጣል። ወደ ዩስት ጠጋ ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ቁጥሩ ትክክል አይደለም፤ ውስጡ አሥር ሺህ ብቻ ነው» አልኩት።

«አልሰማሁዎትም ጌታዬ፣ ሞተሩ ይጮሃል!»

«ቁጥሩ ውሸት ነው! አሥር ሺህ ነው! እኔ ነኝ ያስጻፍኩት!» ብዬ ደገምኩለት። ከፊትም ከኋላም ያሉት ረድፎች ዞረው አዩኝ።

ዩስት በጨዋነት አሰበበት። «እንግዲህ የተጻፈበት ውሸት ከሆነ ውስጡ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ? የተጻፈበት የማይታመን ባትሪማ ጭራሽ አይፈቀድም» አለና እሳት በማይበላው ከረጢት ውስጥ ከትቶ ይዞት ሄደ። በአሥራ ሦስት ሰዓት በረራ ውስጥ ሳይላላና ሳይወልቅ የሠራው ብቸኛው ነገር ደንብዎ ስለሆነ ይህንንም አመሰግናለሁ።

ወይዘሮ ሪንስከ ግን አልጨረሱም ነበር። «ስለዚህ የእኔዋም አሥር ሺህ ናት?»

«አዎ፣ ወይዘሮ።»

«እኔ እኮ ባሌን ነው ስወቅሰው የኖርኩት! እሷን ይዞ ዓሣ ሊያጠምድ በወጣ ቁጥር ስልኩ ይሞትበታል፤ ጀልባው ላይ ተጋድመህ ቪዲዮ ታያለህ እያልኩ ስንት ጊዜ አኮረፍኩት። ምስኪን ሰውዬ!»

ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ መጽሐፋቸውን ሲያነቡ፣ ገጽ በገለጡ ቁጥር ወደ እኔ አየት ያደርጉ ነበር።

አራተኛ። በአምስተርዳም ላይ ጭጋግ ነበር። ጭጋጉን እርስዎ እንዳላመጡት አውቃለሁ፤ የጻፍኩት ዝርዝሬ ከእኔ ጥፋት ይልቅ የሌላ ሰው ጥፋት የሚበዛበት መስሎ እንዲታይ ነው። በአየር ላይ ስንዞር ስልኬ የመጨረሻ ጭላንጭሉን አሳይቶኝ ጠፋ። ያረፍነው ዳወ ሥራ በሚገባበት ሰዓት ሲሆን፣ መሬት ላይም ቆመን መውረጃ እንጠብቅ ነበር።

ወይዘሮ ሪንስከ ስልካቸውን አበሩ። እሳቸው ሲሳፈሩ አጥፍተውት ስለነበር ሙሉ ነበር። ሁኔታዬን አይተው ጠየቁኝ፤ ስለ ማዕዘኑ ቦታ ስነግራቸው፣ «በሉ እንኩ፣ ይደውሉ። የተናደድኩት በባትሪው እንጂ በቦታው አይደለም» አሉኝ። ወሰድኩት። የዳወ ቁጥር የት ነው? በሞተው ስልኬ ውስጥ። የማዘጋጃ ቤቱን አጠቃላይ ቁጥር ፈልገን ደወልን። ስለ ቆሻሻ ማንሻ አንድን፣ ስለ ጀልባ ማሰሪያ ሁለትን እንድንጫን ተነገረን፤ ስለ ገበያ የሚባል ቁጥር አልነበረም። ከዚያ ሙዚቃ ተከፈተ። «በወረፋው ላይ አሥራ አንደኛ ነዎት» የሚል ድምፅ በጣም በጥሩ ትሕትና አስታወቀኝ። እኔ የማዘጋጃ ቤቱን ሙዚቃ ስሰማ፣ ዳወ በዚያው ማዘጋጃ ቤት ፎቅ ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ስልኬ ይደውል ነበር። ሁለት ጊዜ ደወለልኝ አሉ፤ ከደንቡ አንድ ጊዜ ያለፈ ቸርነት ነው።

ከእኔ ቀጥሎ የተመዘገበው ካልሲ ሻጩ ቼርድ ነበር። ቼርድ የሚይዘው ቁልፍ ያላት አሮጌ ስልክ ሲሆን በሳምንት አንዴ ቻርጅ ያደርጋታል። ገና መጥራት ስትጀምር አነሳት።

አሁን የማዕዘኑ ቦታ የቼርድ ነው። እኔ ደግሞ ለአዲሱ ዕቃዬ ልኩን ቁጥር፣ አሥር ሺህን፣ አስጻፍኩበት፤ ይህንን ያደረግሁት ጨዋ ስለሆንኩ ሳይሆን ወይዘሮ ሪንስከ ታሪኩን በኦስተርዚል ለማያውቅ ሰው ሁሉ ስላዳረሱት ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ደንበኛ ሁለቱን ዕቃ በሁለት እጁ ይዞ፣ «ያኛው ሰውዬ አርባ ሺህ አለው፣ ያንተን ምን ነካው?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። አመስግኖኝ የጎረቤቴን ገዛ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ሊጠፋ ሲል ቼርድ ከማዕዘኑ ሆኖ፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ ጠራኝ፦ «ዋይብረን! ና ስልክህን እኔ ጋ ሰካ! ሳጥኑ ባዶውን ነው፣ ካልሲ እንደሆነ ቻርጅ አይፈልግ!» ኩራቴን ዋጥ አድርጌ፣ በአይብ ሻጮቹና በአበባ ሻጮቹ መሃል አልፌ ሄድኩ። ሶኬቱ በደረት ቁመት ላይ ነው። ገመዱ ሲገባ ቀጭ ይላል፣ አይላላም፣ አይወልቅም። ክቡር ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሶኬት በዓለም ላይ መኖሩን እንዲያውቁት ብዬ ነው የጻፍኩልዎ። ቼርድ ስልኬ እስኪሞላ ድረስ ሁለት ጥንድ ካልሲ ሸጠልኝ።

ለእርስዎና ለመምሪያዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለአውሮፕላኖችዎ የጠራ ሰማይን እየተመኘሁ፣ በተሰጠኝ መቀመጫ ላይ በታማኝነት ተቀምጦ በጉልበቱ የአየር መንገዱን ገመድ ደግፎ የተጓዘ የዘወትር መንገደኛዎና ትሑት አገልጋይዎ ሆኜ እፈርማለሁ።

ዋይብረን ሁክስማ
የቻርጀር ነጋዴ፣ ኦስተርዚል

ተጨማሪ፦ ከአውሮፕላኑ እንደወረድኩ ከመምሪያዎ «በበረራችን ላይ የነበረውን የስልክ ቻርጅ አገልግሎት እንዴት አገኙት?» የሚል መጠይቅ በስልኬ ተልኮልኝ ኖሯል። ስልኬን አብርቼ ልከፍተው ስል «ጊዜው አልፏል፤ መልስ ያልሰጡ መንገደኞች እንደረኩ ይቆጠራሉ» አለኝ። ስለዚህ ይህንን ደብዳቤ ከረኩ መንገደኞችዎ ከአንዱ እንደተላከ አድርገው እንዲመዘግቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።