የሐምሌ ቫርኒሽ

ሐምሌ 9
ቁም ሳጥኑ ነጣ።

ሐምሌ 10
ለዲማ ቤተ ክርስቲያን የሠራነው፣ የካህናት ልብስ የሚቀመጥበት የዋንዛ ቁም ሳጥን ነው። ትናንት ሠራተኛዬ ደርቤ ቫርኒሹን እንደረጨው ወተት የፈሰሰበት መሰለ። መሪጌታ ወልደ ሰንበት ዛሬ ሊያዩት መጡ። ዞሩት። ከዚያ፣ "ምነው፣ ሳያገለግል ሸበተ?" ሳቅሁ እንጂ አላሳቀኝም። ለፍልሰታ ካልደረሰ ከአዲስ አበባ ሊገዙ ነው።

ሐምሌ 12
በቲነር ጠርገን እንደገና ረጨን። ነጣ።
"እጅህ ነው" አልኩት ደርቤን።
"እጄ ምን ሆነ? በበጋ የረጨሁበት እጅ ነው።"
"እንግዲያ ጠጥተህ ነው የመጣኸው።"
ደንበኞች ቆመው ይሰማሉ። መርጫውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። "እሺ ጋሼ፤ ራስዎ ይርጩት።" ወጣ።
ደርቤ ጠጪ አይደለም። ለምን አልኩት?

ሐምሌ 14
ራሴ ረጨሁ። ነጣ።

ሐምሌ 15
ዝናብ። ባለቤቴ የብርጓል፣ "ደርቤ ሉማሜ እህቱ ዘንድ ሊገባ ነው አሉ" አለችኝ።

ሐምሌ 17
ቀትር ላይ ፀሐይ ወጣች። አንዱን መሳቢያ በረንዳ አውጥቼ ረጨሁት። ያው ቫርኒሽ፣ ያው ቲነር። እንደ መስተዋት ጠራ።
ታዲያ ክፍሉ ውስጥ ምን አለ?
ወለሉ... አቧራ ተነሥቶ እንዳይለጠፍ ከመርጨታችን በፊት ውሃ እናርከፈክፋለን፤ በርና መስኮት እንዘጋለን። በበጋ ደህና ነው። ግድግዳው ራሱ ላብ በሚያወጣበት ሐምሌስ? እርጥበቱ ወዴት ይሂድ? ቫርኒሹ ላይ ነው የሚያርፈው። ሁልጊዜ "ውሃ አርከፍክፉ" የምለው ደግሞ እኔ።

ሐምሌ 18
ወለሉን አላረጠብኩም። ከጠዋት ጀምሮ ከሰል አንድጄ ክፍሉን እያደረቅሁ ነው። ከመርጨቴ በፊት ከሰሉን አወጣዋለሁ፤ ቫርኒሽ እሳት አይችልም። እስኪሞቅ ይህን እጽፋለሁ።
የብርጓል ከገበያ ገባች። "ደርቤን መናኸሪያ አየሁት። ፍራሹን ጠቅልሎ የሉማሜን መኪና ይጠብቃል።"
"መቼ?"
"አሁን ነዋ። ደግሞ ምን ልትለው ነው? ሰክረሃል ያልከውን ሰው!"
"ወለሉን ያስረጠብኩት እኔ ነኝ እለዋለሁ።"
"ይህንን ብቻ?"
"እሱን ካልኩት ሌላውም ይመጣል።"
ከሰሉን እንድታወጣ ነገርኳት። ፀሐይ አለ፤ ክፍሉ ደርቋል፤ መርጨት አሁን ነበር። ይቆይ። ሄድኩ።