ሰባት ቤት በሠንጠረዥ

ውድ የኔታ ምስጋናው፣

ዓይንዎ መድከሙን ስለሰማሁ ፊደሉን አተልቄ ጽፌዋለሁ። ከወገዳ ተነሥተው ወደ እስቴ ሲሄዱ እኔ ንፋስ መውጫ ሥራ ላይ ነበርሁ፤ ሳልሰናበትዎ ቀረሁ። ምስጋናዬም ሳይነገር ቀረ።

ካሳ ሽማግሌ የላከብኝ ቀን አይረሳዎትም። አጎቴ ባዩ በሰው ሁሉ ፊት ተነሥቶ፣ «ስድስተኛው ቤት፣ ወልደ ሥላሴ ላይ ይገናኛሉ። ሰባት ቤት አልሞላም፤ ዘመዳሞች ናቸው» አለ። ነገሩ እዚያው አበቃ። በሳምንቱ ገበያ ስወርድ «ወንድሟን ልታገባ የነበረችው» ተባልሁ። አጎቴን ማስረጃ ብጠይቀው ሳቀብኝ።

«ኮምፒውተር ተምረሽ የለ? እሱ ይንገርሽ።»

ይንገረኝ አልሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብና ከአዛውንቶች አፍ አራት መቶ ሰው ለቅሜ ሠንጠረዥ ሠራሁ። በአንድ ረድፍ አንድ ሰው፤ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የእናቱ ስም። የጻፍሁት ፕሮግራም ፋይሉን አንብቦ ልጅን ከወላጅ እያያያዘ የሐረግ ዛፍ ያበጃል፤ ከዚያ ከእኔና ከካሳ ተነሥቶ፣ በአባትም በእናትም ወደ ላይ እየወጣ፣ የምንገናኝበትን ይፈልጋል። መልሱ ወዲያው መጣ፦ ወልደ ሥላሴ፣ ስድስተኛ። የአጎቴ ቃል፣ በራሴ እጅ ተጽፎ።

የአገሩን የዘር ሐረግ በቃል ወደሚያውቁት ወደ እርስዎ የመጣሁት በማግሥቱ ነው። ላፕቶፑን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

«ወልደ ሥላሴ የቱ?» አሉኝ።

«መዝገቡ ወልደ ሥላሴ ብቻ ነው የሚል፣ የኔታ።»

«እሱማ የክርስትና ስም ነው። እዚህ አገር ስንት ወልደ ሥላሴ ያለ ይመስልሻል? ቅዳሴ መኻል ብትጣሪ ግማሹ ወንድ ዞሮ ያይሻል።»

ሳቅሁ። ሁለት ሳምንት ሳልስቅ ሰንብቼ ነበር።

«ያንችው ወልደ ሥላሴ የዓለም ስሙ አለበል ነው፤ የጋይንት ሰው። የካሳው ወልደ ሥላሴ ደግሞ የዓለም ስሙ ጓዴ ነው፤ ከስማዳ ወጥቶ አያውቅም። አንች ስም ቆጠርሽ፤ ሰው ቁጠሪ እንጅ።»

ስምን መለያ አድርጌ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሰፍቻቸው ኖሯል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር ሰጠሁ፤ ወላጅም በስም መጠራቱ ቀርቶ በቁጥር ተጻፈ። ሦስት ቀን እርስዎ በቃልዎ ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍሁ። ፕሮግራሙ እንደገና ሐረጉን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። እስከ ሰባት ቤት ማንም የለም። ስምንተኛው ላይ ብቻ ማሬ የምትባል ሴት ላይ ተገናኘን፤ አጎቴ በእናት በኩል ቆጥሮ ስለማያውቅ አልደረሰባትም።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልሄድ ስነሣ፣ «እውነት ስድስተኛው ላይ ብትገናኙ ኖሮ ትነግሪን ነበር?» አሉኝ። «እንዴታ» አልሁ።

ዋሽቻለሁ፣ የኔታ። እርስዎ ዘንድ ከመምጣቴ በፊት የወልደ ሥላሴን ረድፍ ልሰርዝ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ሰርዤው ቢሆን ኖሮ ካሳን አገባ ነበር፤ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ዘመዴን ያገባሁ እየመሰለኝ፣ ንጹሕ ትዳሬን እንደ ነውር ደብቄ እኖር ነበር። ያተረፉኝ ከዚህ ነው።

ጥር ላይ ተጋባን። አጎቴ «ተሳሳትሁ» አላለም፤ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ነው ያለው። ይቅር አላልሁትም። ሠርጉ ላይ ግን ከፊት አስቀመጥሁት፤ ደኅና አድርጎ ይየው ብዬ።

አሁን ከጋይንትም ከስማዳም ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ሠንጠረዡ ሦስት ሺህ ረድፍ አልፏል። እርስዎም አሉበት። ፕሮግራሙ ከአያትዎ ተነሥቶ ወደ ታች ሲወርድ እርስዎ ላይ ይደርስና፣ ልጅ ስለሌለዎት፣ እዚያው ቆሞ ይመለሳል። በየጊዜው ሳየው ከፋኝ። ስለዚህ አንድ ዓምድ ጨመርሁ፦ መምህር።

አሁን እርስዎ ላይ አይቆምም። ፊደል ያስቆጠሯቸውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል፤ እስካሁን መቶ አሥራ ሁለት አግኝቻለሁ። መንገዱ ሲደርቅ ከካሳ ጋር እንመጣለን፤ የቀሩትን ይነግሩኛል።

ከሥርዎ በመጀመሪያው ረድፍ ያለችው፣
አዜብ
ንፋስ መውጫ