ያልመዘንኩት ቤት

ማክሰኞ፣ ሜይ 28

ነፋስ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩትም። ለፓስተሩም። ስጸልይ እንኳ በስሙ አልጠራውም... "የተሰወረውን በደሌን" ብዬ አልፈዋለሁ። እግዚአብሔር የቱን እንደሆነ የማያውቅ ይመስል።

ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ነው የጀመረው። ሣር አጨድኩ። ቲማቲሙን ውሃ አጠጣሁ። ሁለት እንቁላል በላሁ። ከዚያ ልጄ ጃኔል ደወለች። "አባዬ፣ ቤት ገዛን! ጎማ ያለው ቤት! ና እይልን!" ድምፅዋ እንደ ልጅነቷ ነው። ሄድኩ። ባሏ ከርት ግቢ ውስጥ አቁሞታል። ነጭ፣ አዲስ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን አዳራሽ የሚያህል ተሳቢ ቤት። ከፊቱ የከርት ፒካፕ ታስራለች። ኋላዋ ተንበርክኮ፣ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ አንጋጦ።

"ትችለዋለች?" አልኩት።

"አባባ ኦርቫል፣ ሻጩ ራሱ ነው የነገረኝ። የመጎተት አቅሟ ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ ፓውንድ ነው። ቤቱ ባዶውን ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ። እንዲያውም ይተርፈናል!"

ባዶውን! ባዶ ቤት ጎትቶ ለሽርሽር የሚወጣ ማን ነው?

ጁን 14 ጠዋት ወደ ኮሎራዶ ተራሮች ይነሳሉ። ሦስቱን ልጆች ይዘው። እኔም "እንኳን ደስ አላችሁ" ብዬ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ሜይ 30

አንድ ጊዜ በትክክል ልጻፈው። ቢያንስ እዚህ።

በከተማችን የእህል ጎተራ ሃያ ስድስት ዓመት ሚዛን ላይ ሠራሁ። የጭነት መኪናው ስንዴውን ይዞ ይገባል፣ እመዝናለሁ። አራግፎ ይወጣል፣ እመዝናለሁ። "ኦርቫል የመዘነው ሁለተኛ አይመዘንም" ይሉኝ ነበር ገበሬዎቹ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ከሚገባው በላይ ደስ ይለኝ ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለባለቤቴ ለላቮንና ለእኔ ተሳቢ ቤት ገዛሁ። ስንጭነው የፒካፔ ኋላ ዘጭ አለ። አፈርኩ። ያሳፈረኝ ክብደቱ አልነበረም፣ መልኩ ነበር። ስለዚህ የመሣሪያ ሣጥኑን፣ የታሸገውን ምግብ፣ ከባድ ከባዱን ሁሉ ወደ ቤቱ መጨረሻ ወሰድኩት። የኋላውንም የውሃ ታንከር ሞላሁት። የፒካፑ ወገብ ቀና አለ።

"አየሽ?" አልኳት።

"ቀና ማለትና መቅለል አንድ ነው እንዴ?" አለች ላቮን። "በሚዛንህ ላይ እንለፍ፣ ኦርቫል። መንገዳችን ላይ ነው።"

"አጨዳ ነው። ወረፋ አለ" አልኩ።

ውሸት ነው። ወረፋው አላሳሰበኝም። ወረፋው ላይ ያሉት ሰዎች ናቸው ያሳሰቡኝ። የሰውን ሁሉ ጭነት ሲመዝን የኖረ ሰው የራሱን መጫን አያውቅም እንዳይሉኝ።

ከሁለት ሰዓት መንገድ በኋላ ቁልቁለቱ ላይ ጅራቱ መወዛወዝ ጀመረ። ትንሽ... ከዚያ ብዙ። ከኋላ የጫንከው ተሳቢ ከፊት የሚጎትተውን ይነዳዋል። ፍሬን ረገጥኩ። በዚያ ሰዓት የማይረገጠውን። ተገለበጥን። የላቮን ዳሌ ተሰበረ።

ፖሊሱ ምን ሆነ ሲል አፌን ገና አልከፈትኩም ነበር። ከቃሬዛው ላይ ሆና "ነፋስ ነው፤ ድንገት መጣብን" አለች። እኔም "አዎ፣ ነፋስ" አልኩ። በዚህ በካንሳስ ነፋስ የሚለውን ማን ይጠራጠራል?

ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት በከዘራ ሄደች። አንድም ቀን አላነሳችውም። ሁለት ዓመት ሆናት፣ በእንቅልፏ አረፈች። ያ ዝምታዋ ምሕረት ነበር? ምሕረት ብዬ ነው የያዝኩት። ዛሬ ግን በእሷም ተናደድኩ። ምነው አንዴ እንኳ ብትሰድበኝ!

እሑድ፣ ጁን 2

ከአምልኮ በኋላ ምሳ በኅብረት ነበር። ከርትን በእጁ ይዤ ወደ መኪናው ወሰድኩት። የሾፌሩን በር ከፍቼ ክፈፉ ላይ የተለጠፈውን ቢጫ ወረቀት አሳየሁት።

"አንብብ።"

"ሰውና ዕቃ በአንድ ላይ ከ1480 ፓውንድ አይብለጥ" ብሎ አነበበ። "ይሄ እኮ ስለ መጫን ነው። እኔ የምጎትት ነኝ።"

"የቤቱ አንገት፣ ይሄ ማያያዣው፣ የት ነው የሚያርፈው? አየር ላይ? መኪናህ ላይ ነው የሚያርፈው! ሲጫን አንገቱ ብቻ ከሺህ ፓውንድ በላይ ነው። አንተን ጨምር። ጃኔልን፣ ልጆቹን፣ ጄነሬተሩን..."

ሳቀ። በክፋት አልነበረም። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ያ ነው የሚያናድደው። ጆሮውን ከልቡ የሰጠው ለሻጩ ነው።

"አባባ ኦርቫል፣ የእርስዎን አደጋ አውቃለሁ። ግን የእርስዎ እኮ ነፋስ ነው! ራስዎ ነዎት የነገሩን። እኔ ነፋስ ባለበት ቀን አልነዳም። በየጠዋቱ ትንበያ አያለሁ። አለቀ።"

በገዛ ውሸቴ አፌን ዘጋው። ሳህኔን ይዤ ድንች ሰላጣዬን በቁሜ በላሁ። አልጣመኝም።

ረቡዕ፣ ጁን 5

ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ሠላሳ ደቂቃ መንገድ፣ ሠላሳ ደቂቃ ስድብ እያጠናሁ።

"አባት፣ ስንቱን ሸጫለሁ መሰለዎት?" አለኝ። ጥርሱ ነጭ ነው። "አንድም ሰው ተመልሶ አማርሮኝ አያውቅም።"

"የተገለበጠ ሰው ምን ይዞ ይመለሳል?"

"ኧረ ይረጋጉ። ኋላዋ ዝቅ ካለ መፍትሔ አለን። ባሌስትራው ላይ የአየር ባሎን እናስገባላታለን፣ ቀጥ ትላለች።"

ጮህኩበት። ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ጮህኩ። ነፍሰ ገዳይ አልኩት... ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። የጥበቃ ሠራተኛው በክርኔ ይዞ አስወጣኝ። በትሕትና። እሱ ይበልጥ አሳፈረኝ።

መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ልጸልይ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ማንን ነው የምሰድበው? ይሄ ልጅ የሚሸጠውን አያውቅም። እኔ ግን ሚዛን ላይ ተቀምጬ አውቅ ነበር። ከሁለታችን ማነው የባሰ?

ቅዳሜ፣ ጁን 8

ባሎኑን አስገባ። ዛሬ ሊያሳየኝ ጠራኝ። ፒካፗ እንደ ወታደር ቀጥ ብላለች።

"አዩ?" አለኝ።

አየሁ። እኔም ያኔ እንዲሁ ነው ያልኩት።

"ባሎኑ ወገቧን ቀና አደረገው እንጂ አጥንቷን አላወፈረውም" አልኩት። "ቢጫው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ተቀየረ? ሂድና እየው።"

"ደግሞ የአጥንት ሐኪም ሆኑልን!" ጎረቤቶቹ ሳቁ። ጃኔልም ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አይታ ተወችው።

ማክሰኞ፣ ጁን 11

ብስክሌቶቹን ከቤቱ ኋላ ሰቀሉ። አራት። ጄነሬተሩንም ወደ ኋላ አዞረው፣ "ፒካፗን ላቅልላት" ብሎ። ወደ ኋላ! እዚያው ነበርኩ። አየሁ። መኪናዬን አስነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ጁን 12

ለጃኔል ደወልኩ። ጎተራው ጋ ሄዳችሁ ተመዘኑ፣ እባክሽ፣ አሥር ደቂቃ ነው አልኳት።

"አባዬ፣ ስንዴ እየገባ ነው። ከርት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቤት ጎትቶ ይሰለፍ? የከተማው መሳቂያ ልታደርገው ነው?"

ልጄ ናት። የእኔን አፍ ነው የወረሰችው።

"እማዬ ከሞተች ወዲህ ሁሉን ትፈራለህ" አለችኝ ደግሞ፣ በለሰለሰ ድምፅ። ስልኩን ዘጋሁባት። በሕይወቴ ዘግቼባት አላውቅም።

ቁጭ ብዬ ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ ጎማ አፈንዳባቸው፤ ቆመው ሳሉ። ከርትን ጉንፋን አስይዘው። ዝናብ አዝንብ... አይ፣ ዝናቡ ይቅር፣ ስንዴው ገና ታጭዶ አላለቀም። እንዲህ እያልኩ ስለምን ቆየሁና አንድ ነገር ገባኝ። የምለምነው ሁሉ እኔ እንዳልናገር ነው። ሁሉን አድርግ፣ ብቻ እኔን አታናግረኝ ነው የምለው።

ተናደድኩ። በዚህ ሁሉ ሳምንት ከተናደድኩት ሁሉ በላይ። በማን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልገኝም።

ሐሙስ፣ ጁን 13

የላቮን መቃብር ሄጄ ነበር። "ለጃኔል ልነግራት ነው" አልኳት።

ዓርብ፣ ጁን 14

ከሰዓት በኋላ ነው የምጽፈው። እንደሆነው ላስፍረው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አሮጌ መኪናዬን የግቢያቸው መውጫ ላይ በአግድም አቆምኩ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ልጆቹ ተሳፍረው ቀበቷቸውን አስረዋል። ከርት ሞተሩን አስነስቷል።

ወረደ። "አባባ ኦርቫል፣ መኪናዎን ያንሱ።"

"አላነሳም።"

"ይቀልዳሉ?"

"አልቀልድም። መጀመሪያ ሚዛን።"

"ኧረ በእግዚአብሔር!" ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑን መታበት። "ጃኔል! ነይ አባትሽን አናግሪልኝ፣ እኔ የማይሆን ነገር ከመናገሬ በፊት!"

ጃኔል ወረደች። ፊቷ ቀልቷል። "ምን ሆነሃል? ልጆቹ ያዩሃል። ጎረቤት ያይሃል።"

"ይዩኝ። ጃኔል፣ ነፋስ አልነበረም።"

"ምኑ?"

"እኔና እናትሽ የተገለበጥን ቀን። ነፋስ አልነበረም። ከአቅም በላይ ጫንኩ። መልኩ እንዲያምር ብዬ ከባዱን ሁሉ ወደ ኋላ አዞርኩት፣ ልክ ከርት እንዳደረገው። እናትሽ እንመዘን አለችኝ። ለመነችኝ። ሰዎቹ እንዳይስቁብኝ ብዬ እንቢ አልኳት። ዳሌዋን የሰበርኩት እኔ ነኝ።"

ከርት ሞተሩን አጠፋ። ማንም ሳያዘው።

ጃኔል ወደ እኔ ቀረበች። "እማዬ ታውቅ ነበር?"

"ለፖሊሱ ነፋስ ነው ያለችው እሷ ናት።"

"ዘጠኝ ዓመት... ከዘራዋን ስታጣ እየተሳደበች ስትፈልግ... አንተ እዚያው ተቀምጠህ..." አልጨረሰችውም። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ዞራ ወደ ፒካፗ ገባችና በሩን በኃይል ዘጋች። ከዚያ በመስኮቱ፦ "ሚዛኑ ጋ ንዳ፣ ከርት።"

"ጃኔል፣ ወረፋው—"

"ንዳ አልኩህ!"

መኪናዬን አነሳሁ። በከተማው መሀል በሰው እርምጃ ፍጥነት እየነዳን ሄድን።

ወረፋው ላይ ስድስት የስንዴ መኪና ነበር። ሾፌሮቹ ከጎማው ጥላ ሥር ቆመዋል። አሁን ሚዛኑን የያዘው ዌንደል ስታኪ፣ እኔ ያሠለጠንኩት፣ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

"ኦርቫል! ዘንድሮ የዘራችሁት ቤት ነው እንዴ? እንደ ስንዴው እርጥበቱንም እንለካ?"

ሁሉም ሳቁ። ከርት አንገቱን ደፋ።

"ፒካፗን ብቻ ሚዛኑ ላይ አቁማት" አልኩት። "የቤቱ ጎማ ከሚዛኑ ውጪ ይሁን። አንገቱ እንደታሰረ። ሰዎቹም እንደተሳፈሩ፣ ልክ መንገድ እንደሚሄዱበት። ለዚች መኪና የተፈቀደው የራሷ ክብደት፣ ሰዉና ዕቃው ሁሉ ተደምሮ ሰባት ሺህ ፓውንድ ነው።"

ዌንደል መዘነ። መሳቁን ተወ። ወረቀቱን ለከርት ሰጠው። ሰባት ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ። ያውም ጄነሬተሩና ብስክሌቶቹ ከቤቱ ኋላ ሆነው፣ የፒካፗን ሸክም አቅልለው።

ከርት ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። ከንፈሩ ነጣ። "በሩን ስዘጋ በየቀኑ አየዋለሁ" አለ። "ቢጫውን ወረቀት። በየቀኑ..."

ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ሽማግሌው፣ "የእኔ ልጅም እንደዚህ ነው የጫነው" አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ጃኔል ወርዳ የልጆቹን ቀበቶ አንድ በአንድ ፈታች። ወደ እኔ መጣች።

"የእናንተ የዚያን ቀን ስንት ይመዝን ነበር?"

"አላውቅም" አልኩ። "አልመዘንኩትማ።"

ራሷን ነቀነቀች። ልጆቹን ይዛ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። በመንገዱ ዳር፣ በፀሐይ፣ አንዴም ሳትዞር። ከርት ባዶዋን ፒካፕ ከነተሳቢው ቀስ ብሎ ከኋላቸው ነዳ።

ዌንደል "ኦርቫል፣ ምንድነው ነገሩ?" አለኝ። ሚዛኑ ላይ ቆሜ መንገድ ስለዘጋሁ ወረፋው ይጠብቃል። ለእሱም ነገርኩት። ሾፌሮቹም ይሰሙ ነበር። ድምፄን አልቀነስኩም።